ባለ ብዙ ጣቱ መንሽ

በክረምት ደሴ ላይ ከእንጨት ቤቶች ደጃፍ የሚወጣ የሰጋቱራ ሽታ አለ። ዝናቡ ክምሩን ሲያረጥበው ሽታው ወፈር ይልና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ሌላው መንገደኛ ልብ ሳይለው ያልፋል፤ እኔ ግን እግሬ ይጎተታል። ለኔ እርጥብ ሰጋቱራ ብቻውን መጥቶ አያውቅም፤ ከኋላው የፈረስ ሽንት፣ የደረቀ የበርሲም መኖና ላብ የጠጣ ልብስ አስከትሎ ነው የሚመጣው። የሚገርመው ታዲያ፣ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው የፈረሶቹ ጋጣ አይደለም። መካ ነው፤ ጀርወል፤ ዳገቱ ላይ የነበረችው ክፍላችን። ሽታውን የማነሳው በረሃው ውስጥ ከፈረሶቹ ቢሆንም አብሮኝ ያድር የነበረው እዚያ ነው።

ጀርወል ከጅዳ የሚመጣው የድሮ መንገድ መካን የሚያገኝበት ሰፈር ነው። ታችኛው ዳርቻ ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ የሐጅ ሰሞን የሚከራይ ፎቅ። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነበር፦ ድንጋዩ ላይ የተለጠፉ ቤቶች፣ የአንዱ ጣሪያ ለሌላው ደጅ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ በጨለማ እግር የሚያስት ደረጃ። የመናዊው፣ በርማው፣ ናይጄሪያዊው፣ ሐበሻው ተደራርቦ ይኖርበት ነበር። ማታ አንዱ ደጅ ሩዝ ይንተከተካል፣ ሌላው ደጅ ቡና ይቆላል። የቡናውን ጭስ ተከትሎ የሄደ ሰው የወሎ ልጆችን ያገኛል። እኛ ክፍል ከከሚሴ፣ ከሐርቡ፣ ከደጋን የመጡ ነበሩ፤ ከደጋው የመጣሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከለጋምቦ። አንዱ ሕንፃ ይጠብቃል፣ አንዱ ሲሚንቶ ይሸከማል፣ አንዱ ረመዳን ሲመጣ የዑምራ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ይገፋል። እኔ ሳይስ ነበርኩ፤ የፈረስ ጠባቂ።

«ጫማህን ጣሪያ ላይ!» ይሉኛል ገና ከደረጃው ሥር ኮቴዬን ሲሰሙ። ጫማውም ልብሱም ጣሪያ ላይ ያድራል። ቢሆንም ሽታው ከፀጉሬ፣ ከጥፍሬ ሥር አይወጣም ነበር። ዳና ላይ ቂርአት የቀመሰ፣ ሁላችንም ሼሁ የምንለው ጓደኛችን በዚህ ጉዳይ ፈራጁ እሱ ነበር። በኛ መዝሀብ የፈረስ ፋንድያም ሽንትም ነጃሳ ነው፤ ልብስ ይቀየራል፣ ገላ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ሐረም ይወረዳል። የምሠራበት መዝረዓ (የእርሻው) ባለቤት ደግሞ ይስቅብኛል፤ በነሱ መዝሀብ ሥጋው የሚበላ እንስሳ ፋንድያው ንጹሕ ነው፤ ፈረስም ይበላል። ሁለቱ መዝሀብ እኔ ቀሚስ ላይ ተገናኝተው ሲከራከሩ እኔ ባልዲዬን ይዤ ውሃ ፍለጋ እሄዳለሁ። ዳገቱ ላይ ውሃ በቦቴ እየመጣ ስለሚሸጥ የአንድ ሳይስ ንጽሕና ለክፍሉ ሁሉ ወጪ ነበር። አንድ ቀን ሼሁ የልጆቹን ማጉረምረም ሰምቶ ተቆጣ። እዚሁ ጀርወል፣ ከወሊድ ሆስፒታሉ አጠገብ የጡዋ ጉድጓድ አለ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ሲመጡ ዚጡዋ ላይ አድረው፣ ሲነጋ ታጥበው ነበር የሚገቡት። «ታዲያ በጀርወል ታጥቦ መካ መግባት የማን ሱና ነው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃው ያወራ የለም።

የኔ ቤተሰብ ከፈረስ ጋር መኖር የጀመረው ግን እዚያ አይደለም።

ለጋምቦ ገብስና ብርድ ነው። ፈረስ ያለው ቤት ቤት ነው፤ ለቅሶ በፈረስ ይደረሳል፣ ሙሽራ በፈረስ ትመጣለች። የአባቴ ዳማ ፈረስ የሚያድረው እኛው ከምናድርበት ጣራ ሥር ነበር፤ የሚለየን ከወገብ የማይበልጥ የጭቃ ግድግዳ ነው። ድርቆሹን ሲያኝክ እየሰማሁ እተኛለሁ፤ ድምፁ ሲቋረጥ እነቃለሁ። ለፈረስ ጉዝጓዝ የሚባል ነገር ግን አናውቅም። ገለባ ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ እግር ሥር አይነጠፍም። ወለሉ ሲረጥብ እናቴ አመድ ትበትንበታለች፤ ካስፈለገም ፈረሱ ንቆ የተወውን የድርቆሽ ውዳቂ ታለብሰዋለች። ፋንድያውን ጎሕ ሳይቀድ በእጇ እየለቀመች አሮጌ ሰፌድ ላይ ትሰበስባለች። ብርዱ ውስጥ ይጨሳል። ጣቶቿን ታሞቅበት ነበር ብል የከተማ ሰው አያምነኝም። ዛፍ ባለቀበት ደጋ የከብቱ እበትም የፈረሱ ፋንድያም ማገዶ ነው፤ ይደርቃል፣ ይከመራል፣ ክረምቱን እንጀራ ይጋገርበታል። ጋጣ መጥረግ ለኛ ቤት አዝመራ ነበር፤ የሚጣል ነገር አልነበረበትም።

ስለዚህ በህራ ላይ፣ መካና ጅዳን በሚያገናኘው መንገድ ከሚገኙት እርሻዎች በአንዱ፣ የመጀመሪያው ጠዋት ላይ ያየሁት ነገር ግራ አጋባኝ። ጭድ፣ ያውም ቢጫ፣ ንጹሕ፣ ሽታው የሚያስርብ የስንዴ ጭድ፣ እስከ ፈረሱ ጉልበት ድረስ ተነጥፏል። ፈረሱ ይተኛበታል፣ ይሸናበታል፣ ሲያሻው ይበላዋል። ከዚያ በአካፋ ተዝቆ በረሃው ላይ ይጣላል። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ሽንቱን ጨምሮ ከ20 ኪሎ በላይ ያወጣል፤ ከርጥቡ ጭድ ጋር ሲደመር የአንዱ ጋጣ ጥራጊ ብቻ የእጅ ጋሪውን ጢም ያደርገዋል። እኔ ክምሩን እያየሁ የማስበው እናቴን ነበር። ይህን ሁሉ ማገዶ ብታይ ምን ትል ይሆን?

ሥራውን ያስተማሩኝ የሱዳን ሰው ናቸው። ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ረጅም፤ እኔ «አሚ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ያ ወለዲ» ይሉኛል። በሰው ቤት ያረጁ ነበሩ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ ፈረሶቹም እኛም ጆሯችንን አቁመን ነው የምንሰማቸው። አንድ ጋጣ በትክክል ሲጸዳ ያየሁት በሳቸው እጅ ነው። ፈረሱን አውጥተው ጥላ ሥር ያስራሉ። ከበሩ ይጀምራሉ። ከላይ የሚታየውን ፋንድያ ያነሳሉ፤ ከዚያ ደረቁን ጉዝጓዝ እያፈሱ ወደ ግድግዳው ይወረውሩታል። ሲወረወር ጭዱ እላይ ይቀራል፤ ተደብቆ የነበረው ፋንድያ ክብ ስለሆነ እየተንከባለለ ወደ እግራቸው ይመጣል። መጨረሻ ላይ መሐሉ ይቀራል፤ ፈረስ እንደ ሰው የለመደው መሽኛ ቦታ አለው። እርጥቡን እስከ ሲሚንቶው ይዝቁታል፣ ወለሉን ይጠርጉታል፣ እንዲናፈስ ለጥቂት ጊዜ ክፍቱን ይተዉታል። እዚህ ላይ ቸኩሎ ደረቁን የመለሰ ሳይስ ከሳቸው ጋር አይሰነብትም። «አፍንጫህን ወደዚህ ዝቅ አድርግ» ብለው ወለሉ አጠገብ አጎነበሱኝ። ዓይኔ አለቀሰ። «እሱ ሲተኛ አፍንጫው እዚህ ነው» አሉ። ያ ከሽንቱ የሚነሳው አሞንያ የፈረስን ሳንባ የሚበላ ነገር መሆኑን ኋላ የእንስሳት ሐኪም ሲናገር ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

መሣሪያችን ያኔ ጭድ ስለነበር የጭድ መሣሪያ ነበር፦ ረጅም እጀታ ያለው ባለ አራት ጣት የብረት መንሽ፣ የግንባታ አካፋ፣ መጥረጊያ፣ ጎማዋ ዘወትር የሚተነፍስ ባለ አንድ እግር የእጅ ጋሪ። ባለ አራት ጣቱ ለጭድ ወደር የለውም፤ ጭድ ተጠላልፎ ስለሚነሳ ሰፊ ክፍተት አያስቸግረውም። ችግሩ የመጣው ባለቤቱ ጭዱን ትቶ ወደ ሰጋቱራ ሲዞር ነው። ምክንያት ነበረው። ፈረሶቹ መኝታቸውን እየበሉ ሆዳቸው ተንዘረጠጠ፤ አንደኛዋ ባዝራ በጭዱ አቧራ ትስል ጀመር። አሸዋ ይሁን ያለም ነበር፤ አሸዋ በረሃ ላይ በነጻ ነው። አሚ እጃቸውን አወዛወዙ። ፈረስ በርሲሙን ከመሬት ሲለቅም አሸዋውን አብሮ ይውጠዋል፤ አንጀቱ ውስጥ ይከማችና ቁርጠት ይገድለዋል። እርጥብ አሸዋ የሚያነሳ ሳይስ ደግሞ ወገብ የለውም።

ሰጋቱራው ከጅዳ የእንጨት ሥራ ቤቶች በጆንያ መጣ። አሚ መጀመሪያ የጠየቁት ከምን እንጨት እንደሆነ ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ጥቁር ዋልነት የሚባለው የውጭ እንጨት ፍቅፋቂ ጋጣ ውስጥ ከገባ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የፈረሱን ሰኮና በሕመም ሊያግልና ሊያሽመደምደው ይችላል። ነጭ ጥድ መሆኑ ታወቀ። ተነጠፈ፣ አማረ። ጠዋት መንሻችንን ይዘን ገባን። ሰጋቱራው በአራቱ ጣቶች መሐል በወንፊት እንደሚያልፍ ዱቄት ፈሰሰ፤ ፋንድያውም አብሮ ፈሰሰ። አካፋ ስናመጣ ደግሞ ፋንድያውን ከነጉዝጓዙ ይዝቀዋል። ምርጫው ሁለት ሆነ፦ በመንሽ ምንም አለማንሳት፣ ወይም በአካፋ ሁሉንም መጣል። ሁሉንም ጣልን። ጆንያው በፍጥነት አለቀ፤ ባለቤቱ ሒሳቡን አይቶ ጮኸ። ሰነፎች፣ አባካኞች ተባልን። ቃሉን እኔ በልቤ ቆጠርኩት፤ አሚ ግን አልተቆጡም። ባለቤቱ እስኪጨርስ ጠበቁና በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ የሚሠራበት ሰው ይምረጥ፣ አሉት።

እንግዲህ እኔ እዚህ ላይ ነው የምዘገየው። ከሀገር ስወጣ መንገዱን የመረጠው ደላላ ነው። ባሕሩን የምንሻገርበትን ሌሊት የመረጠው ባለ ጀልባው ነው። ክፍሏን የመረጡት ቀድመውኝ የሄዱ የሰፈሬ ልጆች ናቸው፤ ሥራውን የመረጠው ሥራው ራሱ ነው፣ ክፍት ሆኖ ስለተገኘ። ከዚያ በፊትም ቢሆን አባቴ «ና» ሲል መጥቻለሁ፣ «ሂድ» ሲል ሄጃለሁ። የፋንድያ መንሽ ይመርጥ ዘንድ ተጠይቆ ጅዳ የሄደ ሰው ልቡ ምን ያህል ሊያብጥ እንደሚችል ለሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ሱቁ ሰፊ ነበር፤ ልጓም፣ ኮርቻ፣ የሰኮና መላጊያ፣ ግድግዳ ሙሉ እጀታ። የቆዳና የጎማ ሽታ አለው፤ ኤርኮንዲሽነሩ ያንቀጠቅጣል። ሻጩ የሕንድ ሰው ነው፤ ባለቤቱን ሲያይ ተነስቶ የሚያብረቀርቀውን አወረደ፤ ሙሉው ብረት፣ ቀለም የተቀባ፣ ከሁሉ ውድ። ባለቤቱ ሊከፍል ኪሱ ገባ። አሚ መንሹን ተቀብለው ከእጀታው ይልቅ አንገቱን፣ ጣቶቹ ከዘንጉ የሚገናኙበትን ብየዳ በጥፍራቸው ፈተጉት። ጅዳ ባሕር ነው፤ አየሩ ጨው ነው። ብረት ብየዳው ጋ ይጀምርና ሳይታይ ያልቃል። መለሱት። ሁለተኛው የአሉሚኒየም እጀታ ያለው ነበር፤ ቀላል፣ የማይዝግ። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ሳይስ በሐምሌ ይህን እንዴት እንደሚጨብጠው ሻጩን ጠየቁት። ሻጩ ሳቀ። ሦስተኛው የእንጨት እጀታና የፕላስቲክ ራስ ያለው፣ ጣቶቹ ብዙና ጥቅጥቅ ያሉ፣ ጫፋቸው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ግራና ቀኙ ጉንጭ ያለው ነው። ፋንድያ ክብ ነው ብያለሁ፤ ጉንጭ የሌለው መንሽ ላይ ሲወጣ በጎን ይንከባለላል። አንዱን ጣት ይዘው ለመጡት፤ ጎበጠ፣ ሲለቁት ተመለሰ። ይህ ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቅና ቀንጠብ ቀንጠብ ይላል፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል፤ መሬት ላይ ተጋድሞ የተገኘ ቀን የጣለው ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ገና ሳይገዛ ነው የሚነግሩኝ።

ከዚያ ያደረጉትን ሱቁ ውስጥ የነበረ ሁሉ ቆሞ አየ። ኪሳቸው ገብተው ከጁብባቸው አንድ እፍኝ ተምር አወጡና ወለሉ ላይ በተኑት። «አንሳ» አሉኝ። ከሥሩ ገፋ አድርጌ አነሳሁ። ተምሮቹ ሁሉ ጣቶቹ ላይ ቀሩ፤ አንድም አልወደቀም። ከፋንድያ ፍሬ ተምር ያንሳል፤ ፈረስ ረግጦ የሰባበረው ፋንድያ ደግሞ ተምር ያክላል። ተምሩን ከያዘ ስብርባሪውን ይይዛል፤ ሰጋቱራው ግን ያልፋል። ሻጩ እጁን አጨበጨበ። አሚ ተምሩን አንድ በአንድ ለቅመው አራግፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት፤ አንዷን ለኔ ሰጡኝ።

እጀታው ቀረ። ባለቤቱ አጭሩ ይበቃል አለ። አሚ መንሹን አቁመው አጠገቤ አደረጉትና ጫፉ የት እንደደረሰ አዩ፤ ረጅሙን አምጥተው አገጬ ሥር ሲደርስ ዝም አሉ። «አንተ ያዘው» አሉኝ፤ «ወገቡ ያንተ ነው።» ያዝኩት። መሐሉን በአንድ እጅ ስይዘው ራሱ ወደ መሬት አላዘቀዘቀም፣ ወደ ኋላም አልተነሳም። «ይሄኛው» አልኩ። ያን ቃል ስናገር ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

የእጅ ጋሪውን ግን ባለቤቱ አሸነፈን። እኛ ባለ ሁለት ወፍራም ጎማውን ፈለግን፤ የመዝረዓው አሸዋ አንዲት ቀጭን ጎማ ይውጣል፣ ባለ ሁለቱ ደግሞ ሲሞላ አይገለበጥም። የጥራጊው መውጫ በር ጠባብ ነው፣ አያልፍም አለ። ለክተን ነበር፣ ያልፋል። ወጪው ከብዶት ነው። ተውነው፤ በአንድ ቀን ሁሉን ማሸነፍ ደግ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጋጣው ጸጥታ ያዘ ልበል? ሰጋቱራው በረከተ። ጠዋት ጠዋት መንሹን ከሥር አስገብቼ ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው ንጹሑ ሽርር ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፋንድያው ብቻ ይቀራል። እጅ ይለምደዋል፤ ምን ያህል መነቅነቅ እንዳለበት ክንድ ራሱ ያውቃል። ብዙ ነቅንቀህ ፋንድያውን ከሰበርከው ጣጣ ነው። እናቴ በጣቷ የምትለየውን እኔ በጣቶቹ እለያለሁ፤ እሷ የምታስቀምጠውን ግን እኔ እጥላለሁ፣ የምትጥለውን አስቀምጣለሁ።

ማታ ይህን ለሼሁ ስነግረው አንድ ሐዲስ አስታወሰኝ። ለአላህ ብሎ ፈረስ ላሰረ ሰው፣ የፈረሱ መብልና መጠጥ ብቻ ሳይሆን ፋንድያውና ሽንቱ ሳይቀር በቂያማ ቀን ሚዛኑ ላይ ይገባለታል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። የከሚሴው ልጅ ከፍራሹ ላይ ቀና ብሎ፣ ለባለቤቱ ነው ወይስ ላነሳው፣ ብሎ ጠየቀ። ሼሁ መልስ አልነበረውም። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ የጎረቤቱ በርማ ግድግዳውን ደበደበ።

ጀርወል ላይ ስለ ፈረስ ማውራት ከቦታው የራቀ ወሬ አልነበረም። በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ መካ የተከፈተች ቀን የሙስሊሞቹ ጦር የቆመው እዚያው ዚጡዋ ነው። የአቡበክር አባት አቡ ቁሐፋ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበርና ልጃገረዷን ልጃቸውን ይዘው አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጡ፤ ምን ይታይሻል ሲሏት የተከማቸ ጥቁር ነገር ይታየኛል አለች፤ ፈረሶቹ ናቸው አሏት። ሼሁ ይህን ሲተርክ በመስኮታችን ቁልቁል እናያለን። አሁን ታክሲና አውቶቡስ የሚተራመስበት ያ ሜዳ ፈረስ ሞልቶት ነበር። ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ ቱርኮች እዚያው፣ በጅዳ መንገድ ላይ፣ ቂሽላ የሚባል የጦር ሰፈር ሠሩ። ሸሪፍ ሑሴን በኦቶማን ላይ ሲነሳ፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 1908፣ የጀርወል ቂሽላ ሳምንታት ተከቦ ቆየ፤ ከሱዳን በመጣ መድፍ ተደብድቦ ነው የተሰበረው። በዚያ ዘመን ጦር ሰፈር ያለ ፈረስና ያለ በቅሎ አይታሰብም፤ ከከበባው ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ የማይረባው ነገር ነው። በሩ ተዘግቶ ሳምንታት ሲቆይ ያን ጋጣ ማን ጠረገው፣ በምን ጠረገው፣ የት ጣለው?

ቂሽላው ከወደቀ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። የፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነው፤ የወሎ ፈረሰኛ በሳቸው ዘመን ዓድዋን ያየ፣ የተፈራ ነበር። ቅድመ አያቴ ከሰገሌ በእግሩ ተመለሰ ይባላል። በቤታችን የሽንፈቱ ወሬ ይህ ነው፤ በፈረስ ሄደ፣ በእግሩ መጣ። ስለ ንጉሡ፣ ስለ ልጅ ኢያሱ፣ ስለ ሥልጣኑ የሚያወራ የለም። አባቴ ፈረሱን አጠገባችን ያሳድር የነበረው ሌባ ፈርቶ ብቻ አይመስለኝም።

አሚ ደክመው ወደ ኦምዱርማን ሲመለሱ እኔ መዝረዓው ላይ ቀረሁ፤ ኋላም ጊዜው ተለወጠ። ኅዳር 2006 መጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ ሀገር ተመለሱ፤ ከክፍላችን የቀረ አልነበረም። ጀርወልም ከነበረችበት አልቆየችም። የሐረሙ ሰሜናዊ ማስፋፊያ ሻሚያን ጠርጎ ሲወስድ ከጀርወልም ከፊሉን ወሰደ። በቅርቡ ዑምራ የደረሰ የሐርቡ ልጅ በስልኩ ቀርጾ ላከልኝ። ደረጃውን ፈልጎ አጣው፤ ዳገቱ ራሱ ተቆርጧል። በህራን የምናልፍበት መንገድ ጎን ለጎን በ2011 የተከፈተው ፈጣን ባቡር በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ከጅዳ መካ ፒክአፕ ላይ አሸዋ እየቃምን የምንሄድበትን ሰው ሻይ ሳይጨርስ ይደርሰዋል። ቪዲዮው ውስጥ ልጁ «እዚህ ጋ መሰለኝ» ይላል፤ ከዚያ ዞር ይልና «የለም፣ እዚያ ጋ ነው» ይላል። እኔም አላወቅኩትም።

እዚህም ቢሆን የተወውን ያገኘ የለም። ሀገራችን ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አላት ይባላል፤ አዊ ላይ በ1932 የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ሲወጣ በቴሌቪዥን አይቼ እንባ ያዘኝ። አሁን በምኖርባት ኮምቦልቻ ግን ባጃጅ ጋሪውን ከዋናው መንገድ ገፍቶታል። የቀሩት የጋሪ ፈረሶች የሚያድሩት በተከራየ የሲሚንቶ ወለል ላይ ነው፤ ለጋምቦ ያለው አፈር እንኳ የላቸውም። ቀን አስፋልት፣ ሌሊት ሲሚንቶ። ጉልበታቸው ተልጦ፣ ክርናቸው አብጦ ይታያል። ከባለ ጋሪዎቹ አንዱ ጎረቤቴ ነው፤ አያ እለዋለሁ። ሰጋቱራ ንጠፍለት አልኩት፤ እንጨት ቤቶቹ ለመጣል የሚቸገሩበት ነገር ነው። ነጠፈ። ከዚያ የበህራው ጣጣ ኮምቦልቻ ድረስ ተከትሎን መጣ፤ አካፋው ሁሉንም ይዝቃል።

ያ ፕላስቲክ መንሽ እዚህ ገበያ የለም። ብየዳ ቤት ሄድንና በባለ ስድስት ሚሊ ቶንዲኖ ይሠራልን አልን። በያጁ ልጅ ነው፣ ሳቁ ቅርብ ነው፤ ዋጋውን በጣት ቁጥር ተመነ። አያ ወዲያው ጣት መቀነስ ጀመረ። እናቴ፣ አሁን እኔ ጋ ናት፣ ጉዳዩን ስትሰማ በጣም ሳቀች። «አሥር ጣት ሰጥቶት ሌላ ጣት በብር ይገዛል?» አለች። ለማስረዳት ሞከርኩ። እጇን ዘርግታ አየችው፤ የቀለበት ጣቷ ከብርድ የተነሳ ከጎበጠ ቆይቷል። «ስንት ነው ያለው አንዱን ጣት?» አለች ቆይታ።

መንሹ ተሠራ፤ በአውራ ጣት ክፍተት፣ ጉንጭ ወጥቶለት፣ የወይራ እጀታ ገብቶለት። ከበደኝ፣ ግን ይሠራል። አያ ተሸክሞት ሄደ፤ በማግሥቱ ከነመንሹ ተመልሶ መጣ፣ ሚስቱን አስከትሎ። ለካ ጋጣውን የምትጠርገው እሷ ናት። እሱ ጎሕ ሲቀድ ጋሪውን ይዞ ይወጣል፤ እኛ ሦስት ወንዶች ብየዳ ቤት ቆመን ስለ ጣቱና ስለ ጉንጩ ስንከራከር እሷን የጠየቀ የለም። መንሹን ከባሏ እጅ ተቀበለችና አቆመችው፤ እጀታው ከራሷ በላይ ወጣ። በእጇ ትከሻዋ ጋ ለካች። «እዚህ ጋ ቁረጠው» አለችው በያጁን። አነሳችው፣ አወዛወዘችው፣ ፊቷን ቋጠረች። «ከዳር ከዳር አንዳንድ ጣት አንሳልኝ፤ ክንዴ አይችለውም።»

በያጁ ባሏን አየ። ባሏ እኔን አየኝ። ጣት ከተነሳ ስብርባሪው እንደሚያመልጥ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ብሩን ከመቀነቷ ፈታ መቁጠር ጀምራ ነበር።